አንድ ቃታ፣ ሃምሳ ዳክዬ!

የዳክዬ መንጋ በአንድ ተኩስ ይጥል የነበረው ግዙፍ ጠመንጃ በአሜሪካ ቀይ፣ በእንግሊዝ ቢጫ ካርድ ያየበት ታሪክ

በእግር ኳስ ሕግ መሠረት ጨዋታ ሲጀመር የኳሱ ክብደት ከ410 ግራም ማነስ፣ ከ450 ግራም መብለጥ የለበትም። አሁን አንባቢ ያንን የኳስ ክብደት በእርሳስ ጠጠር ይተካው። ጠጠሩን አንድ አፈሙዝ ውስጥ ይጠቅጥቀው፤ ከኋላው ባሩድ ያድርግበት፤ ከዚያም ውሃ ላይ ወደሚያንቀላፋ የዳክዬ መንጋ በአንዴ ይልቀቀው። ሃምሳ ዳክዬ፣ ሲቀናም ከዚያ በላይ፣ እዚያው ይቀራል።

ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አንስቶ በእንግሊዝ ረግረጋማ የባሕር ዳርቻዎችና በአሜሪካው የቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ላይ ሲደረግ የኖረ ነገር ነው። መሣሪያው ‹‹ፐንት ገን›› ይባላል። ፐንት ማለት ወለሉ ጠፍጣፋ የሆነ፣ ጥልቀት በሌለው ውሃ ላይ የሚሄድ ጠባብ ታንኳ ነው፤ ገን ደግሞ ያው ጠመንጃ ነው። ሲደመር ‹‹የታንኳ ጠመንጃ›› እንደማለት ነው።

ስሙ ግን መጠኑን አይናገርም። ከእነዚህ ጠመንጃዎች ብዙዎቹ ከ2 ሜትር ተኩል ይረዝማሉ። የጎል ቋሚ ከፍታው 2 ሜትር ከ44 ሳንቲ ሜትር ነውና ጠመንጃው ጎል ውስጥ ቀጥ ብሎ ቢቆም አግዳሚውን ያልፋል ማለት ነው። ክብደቱንማ ተዉት፤ አንድ ሰው አንስቶ ትከሻው ላይ አስደግፎ የሚተኩሰው ዓይነት አይደለም።

ይህ ጠመንጃ በዘመኑ ለአንዳንዱ ስፖርት፣ ለአንዳንዱ እንጀራ፣ ለዳክዬና ለዝይ ደግሞ መዓት ነበር። ሲጀመር ዳኛ አልነበረውም። ዳኛው የመጣው ዘግይቶ፣ ተጋጣሚው ከሜዳው መጥፋት ከጀመረ በኋላ ነው።

የመድፍ ታናሽ ወንድም

የመሣሪያውን ጉልበት ለመረዳት በተለመደው የአደን ሾትገን መጀመር ይሻላል። ሾትገን እንደ ክላሽ አንድ ጥይት ብቻ አይተፋም፤ ብዙ ጥቃቅን ጠጠሮችን በአንድ ጊዜ ይበትናል። በዓለም ላይ በጣም የሚታወቀው ‹‹ባለ 12 ቁጥር›› የሚባለው ነው። ቁጥሩ የመጣው ከጥንት ነው። አንድ ፓውንድ እርሳስ ለ12 እኩል ድቡልቡል ጥይት ሲከፋፈል፣ አንዷ ድቡልቡል ልክ የምትገባበት አፈሙዝ ባለ 12 ቁጥር ተባለ። የአፈሙዙ ስፋት 18.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በአንድ ተኩስ የሚወጣው ጠጠር ደግሞ በአማካይ 30 ግራም ቢሆን ነው።

ፐንት ገን ግን አንድ ሙሉ ፓውንድ፣ ማለትም 450 ግራም ገደማና ከዚያም በላይ ይጎርሳል። አሥራ አምስት አዳኞች ጎን ለጎን ተሰልፈው በአንድ ትዕዛዝ ቃታ ቢስቡ ነው ይሄን የሚያክለው። የአፈሙዛቸው ስፋት ከ50 ሚሊ ሜትር ያለፈም ነበሩ። ‹‹መድፈኞቹ›› የሚለውን ቅጽል ስም ለሚወዱት የአርሰናል ደጋፊዎች ይሄ ነገር ሳይጥማቸው አይቀርም፤ የክለባቸው አርማ ላይ ያለውን ባያክልም የመድፍ ታናሽ ወንድም ነው ቢባል አልተጋነነም።

ታዲያ እንዲህ ዓይነቱ መሣሪያ ሲራገጥ ማን ይችለዋል? የሰው ትከሻ እንደማይችለው ግልጽ ነው። ስለዚህ ጠመንጃው ትከሻ ላይ ሳይሆን ታንኳው ላይ ያርፋል። በብዙዎቹ የእንግሊዝ ታንኳዎች ላይ ወፍራም ገመድ ከታንኳው አፍንጫ ተነስቶ ጠመንጃውን አንቆ ይይዘዋል። ሲተኮስ ርግጫውን መጀመሪያ የሚቀበለው ገመዱ፣ ቀጥሎ ታንኳው፣ በመጨረሻም ውሃው ነው። ታንኳዋ ከነአዳኙ ወደ ኋላ ሸርተት ትላለች። ቼሳፒክ ላይ ደግሞ ብዙዎቹ አዳኞች ከጠመንጃው ሰደፍ ኋላ በሣር የተጠቀጠቀ ከረጢት አስቀምጠው ርግጫውን ያበርዱት ነበር።

ማነጣጠሩም ለየት ይላል። ጠመንጃው ግራና ቀኝ እንደልቡ አይዞርም። አዳኙ የሚያነጣጥረው ታንኳዋን ራሷን በማዞር ነው። ታንኳዋ ሰደፍ ሆነች ማለት ይቻላል።

አንድ ምት ብቻ

አደኑ የሚደረገው ሰሜኑ የዓለም ክፍል በብርድ በሚኮማተርባቸው ወራት፣ ብዙ ጊዜም ሌሊት ወይም ጎህ ሲቀድ ነው። ዳክዬዎቹና ዝይዎቹ ከሰሜን ወርደው በየወንዙ መግቢያና በየጭቃማው የባሕር ዳርቻ በመንጋ የሚያርፉት በዚያን ጊዜ ነውና። አዳኙ ታንኳዋ ውስጥ በሆዱ ይተኛል። ታንኳዋ ከውሃውና ከጭጋጉ እንዳትለይ ነጣ ባለ ግራጫ ቀለም ትቀባለች። እጁን በጎን አውጥቶ በአጭር ዘንግ የውሃውን ወለል እየገፋ፣ ወይም በትንሽ መቅዘፊያ ውሃውን ሳያንኮሻኩሽ እየቀዘፈ በዝግታ ይጠጋል። ዘንጉ ድንጋይ ነክቶ ቀጭ ካለ አበቃ፤ መንጋው ይነሳል፣ የሌሊቱ ልፋት ሁሉ ገደል ይገባል።

መተኮሻው ርቀት ከ55 እስከ 70 ሜትር ያህል ነው። ከመሃል ሜዳ መስመር እስከ ጎል ያለውን ርቀት ትንሽ አለፍ ማለት ነው። ከዚያ ከራቀ ጠጠሩ ይበተናል፤ ከዚያ በጣም ከቀረበ ደግሞ ወፎቹ ይነቃሉ። ጎበዝ አዳኝ ወፎቹ አንገታቸውን ቀና ሲያደርጉ፣ ሊነሱ ሲሰናዱ ያለችዋን ቅጽበት ይጠብቃል። ያኔ ቃታውን ይስባል።

ያመለጠው እንደ ተሳተ ፍጹም ቅጣት ምት ነው፤ ድገም የሚለው የለም። የድሮዎቹ ፐንት ገኖች የሚጎርሱት በአፈሙዛቸው በኩል ነበር። ባሩዱ፣ መወተፊያው፣ ጠጠሩ በየተራ እየተጠቀጠቀ እስኪሞላ ድረስ የተረፈው መንጋ አድማስ ያልፋል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ከኋላ የሚጎርሱ መጡ፤ ቢሆንም ያው በአንድ መጠጋት አንድ ተኩስ ነው።

ከተኩሱ በኋላ ያለው ክፍል ብዙም አይወራለትም። ግማሽ ኪሎ የሚጠጋ ጠጠር መንጋ መሃል ሲበተን የሞተ ብቻ ሳይሆን የቆሰለም ይኖራል። አዳኙ ቶሎ ብሎ ተነስቶ ተራ ሾትገኑን ይዞ የቆሰሉትን እያሳደደ ይጨርሳል። ሁሉንም ግን አይደርስባቸውም። ክንፉ ተሰብሮ ሸምበቆ ውስጥ የገባውን፣ ሰው በማይረግጠው ጭቃ ላይ የወደቀውን ማን ያገኘዋል?

ኮሎኔሉ

የዚህ አደን የመጀመሪያው ዝነኛ ሰው እንግሊዛዊው ኮሎኔል ፒተር ሆከር ናቸው። የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1786 ነው። የናፖሊዮንን ጦር ሲዋጉ እ.ኤ.አ. በ1809 ስፔን ውስጥ በታላቬራ ጦርነት ክፉኛ ቆሰሉ። ሰውየው ግን አልጋ ላይ የሚቀሩ ዓይነት አልነበሩም። እ.ኤ.አ. በ1814 ለወጣት አዳኞች መመሪያ የሚሆን መጽሐፍ አሳተሙ፤ መጽሐፉ በተደጋጋሚ ታተመ። ከሳውዝሃምፕተን ብዙም በማይርቀው ኪሄቨን በተባለ የባሕር ዳርቻ መንደር ቤት ይዘው ብርዱን ሁሉ ከዳክዬ ጋር ሲታገሉ ከረሙ። የሚገርመው ሙዚቃም ያውቁ ነበር፤ የፒያኖ ተማሪ እጁን በትክክል እንዲይዝ የሚረዳ መሣሪያ እስከመፍጠር ደርሰዋል።

ኮሎኔሉ በተራው ፐንት ገን አልረኩም። ክብደቱ ከ80 ኪሎ በላይ የሆነ ባለ ሁለት አፈሙዝ ፐንት ገን አሠሩ። አንደኛው አፈሙዝ ባሩዱን የሚያቀጣጥለው በዘመኑ አዲስ በነበረው የሚፈነዳ ቆብ ሲሆን፣ ሁለተኛው በጥንቱ የባልጩት ድንጋይ ነው። ባልጩቱ ትንሽ ይዘገያል። ስለዚህ የመጀመሪያው ምት ወፎቹን ውሃው ላይ እንዳሉ ሲያገኛቸው፣ የቅጽበት ልዩነት ያለው ሁለተኛው ደግሞ ሲነሱ ይቀበላቸዋል። የዛሬ አሰልጣኝ ‹‹ሁለተኛውን ኳስ ተከታተል›› የሚለው ዓይነት መሆኑ ነው።

ሆከር እ.ኤ.አ. እስከ ሞቱበት 1853 ድረስ የአደን ውሏቸውን በማስታወሻ ደብተር አስፍረዋል። ለእሳቸው ነገሩ ስፖርት ነው። በዚያው የባሕር ዳርቻ ላይ ግን በበጋ ዓሣ እያጠመዱ፣ በብርዱ ደግሞ በፐንት ገን ዳክዬ እየጣሉ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ ድሆችም ነበሩ። ለእነሱ ባዶ እጅ መመለስ ባዶ ድስት ነው። ስለዚህ መሣሪያ ሲወራ ይሄንን መርሳት አይገባም። ቃታውን የሳበው ሁሉ ጨካኝ አልነበረም፤ ብዙው የቸገረው ነበር።

አንዳንዴ እስከ አሥር የሚደርሱ ታንኳዎች ተደራጅተው በአንድ ላይ ይወጣሉ። በጸጥታ መንጋውን ይጠጋሉ፤ ምልክት ሲሰጥ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይተኩሳሉ። የአንዱ ሃምሳ ከሆነ የአሥሩን ማስላት ለአንባቢ ይተዋል።

ከውሃው እስከ ሆቴሉ

ነገሩ ወደ እውነተኛ ንግድ የተቀየረው አሜሪካ ውስጥ ነው። በእኛ አገር ዳክዬ ሐይቅ ዳር ሲንሳፈፍ የሚታይ እንጂ ማዕድ ላይ የሚቀርብ አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ባልቲሞር፣ ፊላደልፊያና ኒውዮርክ ግን ሀብታም እንግዳ ሲጋበዝ ዳክዬ የክብር ምግብ ነበር። ከሁሉም የሚመረጠው ደግሞ ‹‹ካንቫስባክ›› የሚባለው ጀርባው ነጣ ያለ፣ አንገቱ ቀይ ቡናማ የሆነ የዱር ዳክዬ ነው።

ካንቫስባክ ሜሪላንድ ውስጥ ሃቨር ደ ግሬስ በምትባለው ከተማ አጠገብ፣ የሳስኩሃና ወንዝ ቼሳፒክን በሚቀላቀልበት ጥልቀት የሌለው ሰፊ ውሃ ላይ በብዛት ይከርም ነበር። ምክንያቱም ከውሃው ሥር የሚበቅለውን የዱር ሰለሪ የሚባል ሣር ይወዳል። ሥጋው የሚጣፍጠው በዚያ ሣር የተነሳ ነው ይባላል። የባቡር ሐዲድ ከተዘረጋ በኋላ ደግሞ ሌሊት የተገደለው ዳክዬ በበርሜል ታሽጎ ወደ ትላልቆቹ ከተሞች መጓዝ ጀመረ።

ፐንት ገን ለዚህ ገበያ የተሠራ ነው የሚመስለው። አንድ ተራ አዳኝ አንድ በአንድ ሲተኩስ ቢውል ጠጠሩም ባሩዱም ያልቅበታል። ባለ ፐንት ገኑ ግን በአንድ ምት የሳምንት ገቢውን ይይዛል። አንዳንዶቹ ታንኳቸው ላይ ፋኖስ አስቀምጠው ብርሃኑን ወደፊት ብቻ እንዲወረውር ከኋላው መከለያ ያደርጉለታል። ዳክዬዎቹ በብርሃኑ ፈዘው እያዩት ይጠጋቸዋል። ብዙ ቱቦዎች እንደ እጅ ጣት ተዘርግተው በአንድ ላይ የሚተኩሱበት ‹‹ባትሪ›› የሚሉት መሣሪያም ነበራቸው።

ያለ ዳኛ የሚደረግ ጨዋታ እንዲህ ነው። ዳክዬው ሲቀንስ ገበያው ላይ ይወደዳል። ሲወደድ ደግሞ አዳኙ የተረፈውን ለመያዝ የበለጠ ይተጋል። አንዱ ‹‹ዘንድሮ ልተው›› ቢል ጎረቤቱ ይወስድበታል። ማንም ብቻውን ማቆም አይችልም።

እርግጥ ጥፋቱን ሁሉ በፐንት ገን ላይ መከመር ፍርደ ገምድልነት ነው። ረግረጉ ለእርሻ ተብሎ እየደረቀ ነበር። ወፎቹ ወደ መራቢያቸው በሚመለሱበት የፀደይ ወቅት ሳይቀር ይታደኑ ነበር። ደጋግሞ የሚተኩስ ዘመናዊ ሾትገንም መጥቷል። ብቻ ሁሉም ተደማምሮ አሜሪካኖቹ ሰማያቸው ባዶ እየሆነ መምጣቱን አዩት። በአንድ ወቅት ሰማይ ይጋርድ የነበረው የመንገደኛ ርግብ ዝርያ የመጨረሻዋ እ.ኤ.አ. መስከረም 1 ቀን 1914 ሲንሲናቲ መካነ አራዊት ውስጥ ሞተች። ከዚያ በኋላ ‹‹ወፍ አያልቅም›› የሚል ሰው ጆሮ የሚሰጠው አጣ።

7 ለ 2

ዳኛው የገባው ቀስ በቀስ ነው። እስከ 1860ዎቹ ድረስ በርካታ የአሜሪካ ግዛቶች ፐንት ገንን በየፊናቸው ከልክለዋል። ችግሩ ዳክዬው የግዛት ወሰን አያውቅም፤ ባቡሩም አያውቅም። አንዱ ግዛት ውስጥ የተከለከለው ሌላው ውስጥ ይሸጣል። እ.ኤ.አ. በ1900 በአዮዋው የምክር ቤት አባል በጆን ሌሲ ስም የሚጠራው ሕግ ወጣና በሕገ ወጥ መንገድ የታደነን እንስሳ ከግዛት ግዛት ማጓጓዝ ወንጀል ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1916 አሜሪካና ካናዳን የወከለችው እንግሊዝ የስደተኛ ወፎች ስምምነት ተፈራረሙ። እ.ኤ.አ. በ1918 ደግሞ ስምምነቱን ሥራ ላይ የሚያውል የፌዴራል ሕግ ወጣ። የዱር ዳክዬ አድኖ መሸጥ ክልክል ሆነ። በሕጉ መሠረት በወጣው ደንብ ከ10 ቁጥር የሚበልጥና ከትከሻ ላይ የማይተኮስ ጠመንጃ ከጨዋታ ውጪ ተደረገ። ቀይ ካርዱ ይሄ ነው።

የሚዙሪ ግዛት ግን ‹‹በወፎቻችን ላይ የፌዴራል መንግሥት ምን አገባው!›› በሚል መንፈስ የፌዴራሉን የአደን ተቆጣጣሪ ሬይ ሆላንድን ፍርድ ቤት ገተረው። ክሱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ1920 ዳኞቹ ድምፅ ሰጡ፤ ውጤቱ 7 ለ 2 ሆኖ ሕጉ አሸነፈ። የብዙኃኑን ፍርድ የጻፉት ዳኛ ኦሊቨር ዌንዴል ሆምስ ወፉ ዛሬ እዚህ ነገ ሌላ ቦታ የሚውል በመሆኑ የአንድ ግዛት ንብረት ነው ማለት እንደማይቻል አብራርተዋል።

ካርድ ያየ ሁሉ ወዲያው ከሜዳ ይወጣል ማለት ግን አይደለም። በቼሳፒክ ዳርቻ ያሉ አንዳንድ አዳኞች ጠመንጃቸውን ሸምበቆ ውስጥና ጎተራ ውስጥ እየደበቁ ሌሊት ሌሊት መውጣታቸውን ለዓመታት ቀጠሉ። ለብዙዎቹ ከአያት የወረሱት መሣሪያ ነው፤ ሌላ ሙያም አያውቁም። ተቆጣጣሪዎቹ ደግሞ የተኩሱን ድምፅ እየተከተሉ ያድኗቸዋል። የፐንት ገን ጩኸት ከሩቅ ስለሚሰማ ለመደበቅ አይመችም። ሲያዙ ጠመንጃቸው ይወረሳል። በሜሪላንድ ሴንት ማይክልስ የሚገኘው የቼሳፒክ ቤይ የባሕር ሙዚየምን የመሳሰሉ ቦታዎች ዛሬ እንዲህ ዓይነት ጠመንጃዎችን ለጎብኚ ያሳያሉ።

አሜሪካ በመከልከል ብቻ አላበቃችም። እ.ኤ.አ. በ1934 ዳክዬ ማደን የፈለገ ሁሉ የአንድ ዶላር ልዩ ቴምብር እንዲገዛ ተደረገ። የመጀመሪያውን ቴምብር ሥዕል የሣለው ታዋቂው የጋዜጣ ካርቱን ሣይ ጄይ ዳርሊንግ ነው። ገንዘቡ ረግረጋማ ቦታዎችን ለመግዛትና ለመንከባከብ ይውላል። አዳኙ ራሱ የሜዳውን ጥገና ከፋይ ሆነ።

የእንግሊዝ ቢጫ ካርድ

እንግሊዞች ሌላ መንገድ መረጡ። ፐንት ገንን ጨርሰው አልከለከሉም፤ ልክ ሰጡት። በብሪታንያ የወፍ ጥበቃ ሕግ መሠረት ለዱር ወፍ አደን የሚውል ሾትገን የአፈሙዙ ስፋት ከ1 ኢንች ከሦስት ሩብ፣ ማለትም ከ44 ሚሊ ሜትር ገደማ መብለጥ የለበትም። በሞተር ጀልባ ወፍ ማሳደድም አይፈቀድም። ሰውየው የሚጠጋው በክንዱ ብቻ ነው። የእርሳስ ጠጠርም ቢሆን እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ እንግሊዝ ውስጥ ለዳክዬና ዝይ አደን ተከልክሏል። ዳክዬዎች ውሃው ሥር የወደቀውን ጠጠር እንደ አሸዋ እየለቀሙ ይውጡትና በእርሳስ መርዝ ይሞቱ ስለነበር ነው። አሜሪካ ይሄንን እ.ኤ.አ. በ1991 በመላ አገሪቱ አድርጋዋለች።

ቢጫ ያየው ጠመንጃ ዘመኑ ራሱ ጥሎት ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1995 በተደረገ ቆጠራ በብሪታንያ ሥራ ላይ ያሉት ፐንት ገኖች ከ50 ያነሱ ሆነው ተገኙ።

የቀሩት ባለ ፐንት ገኖች ክርክር አላቸው። ‹‹የእኛ አደን ከሁሉም የሚከብደው ነው›› ይላሉ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ማዕበሉ ታንኳ ይገለብጣል፤ ብዙ ሌሊት ወጥቶ አንዴም ሳይተኩሱ መመለስ የተለመደ ነው። በዓመት የሚገድሉት ወፍ በተራ ሾትገን ከሚሞተው ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው ባዮች ናቸው። ተቃዋሚዎቻቸው ደግሞ ‹‹ተኝቶ ባለ መንጋ ላይ ግማሽ ኪሎ ጠጠር መበተን ምኑ ነው ስፖርቱ?›› ሲሉ ይጠይቃሉ። ሁለቱም ወገን የሚናገረው አለው። ጥያቄውን በራሱ ሕይወት የመለሰው ሰው ግን አንድ ነው፤ እሱም ሁለቱንም ማልያ የለበሰ ነው።

ቡድን የቀየረው ኮከብ

ፒተር ስኮት የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1909 ነው። አባቱ ወደ ደቡብ ዋልታ ተጉዞ ሲመለስ እ.ኤ.አ. በ1912 በረዶ ላይ የቀረው ዝነኛው ካፒቴን ሮበርት ስኮት ነው። አባትየው ከመሞቱ በፊት ለሚስቱ በጻፈው የመጨረሻ ደብዳቤ ልጁን ከጨዋታ ይልቅ ስለ ተፈጥሮ እንዲማር እንድታደርገው አደራ ብሎ ነበር።

ልጁ ሁለቱንም አደረገው። በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ በብርድ ሌሊት ወደ ረግረጉ እየወጣ ዝይና ዳክዬ ያድን ነበር። የፐንት ገን አፍቃሪም ነበር። ያደናቸውን ወፎች ይሥላቸውም ጀመር፤ ሥዕሎቹ ተወደዱለት። ጄሲ ኦውንስ አራት ወርቅ በወሰደበት የ1936ቱ የበርሊን ኦሎምፒክ ላይ ስኮት በአንድ ሰው የጀልባ ቀዘፋ ሳይሆን በሸራ ጀልባ ውድድር ለብሪታንያ ነሐስ አመጣ። በሸራ ጀልባ ብቻ አላበቃም፤ እ.ኤ.አ. በ1963 ሞተር በሌለው አውሮፕላን የብሪታንያ ሻምፒዮን ሆኗል። ከአንድ ዓመት በኋላ ደግሞ በአሜሪካስ ካፕ የብሪታንያን ጀልባ መርቶ በአሜሪካኖቹ 4 ለ 0 ተሸንፏል። ይሄ ሰው ስፖርት ምን እንደሆነ አያውቅም የሚል አይገኝም።

ጠመንጃውን ግን አስቀመጠ። በሕይወት ታሪኩ ላይ እንዳስታወሰው በወጣትነቱ እሱና ጓደኞቹ ተኩሰው ያቆሰሉት አንድ ዝይ ሰው ሊደርስበት የማይችል ጭቃ ላይ ወደቀ። በማግስቱም ዝይው እዚያው ነበር፤ አልሞተም። ወጣቱ አዳኝ ‹‹ይህን ለማድረግ ምን መብት አለኝ?›› የሚለው ጥያቄ ልቡ ውስጥ የገባው ያኔ ነው። አደኑን በአንድ ጀንበር አልተወም። ዓመታት ፈጅቶበታል። በመጨረሻ ግን ሙሉ በሙሉ ተወው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1946፣ በሰቨርን ወንዝ ዳር ስሊምብሪጅ በተባለ ቦታ የውሃ ወፎች ጥበቃ ድርጅት አቋቋመ። የሚገርመው ከባሩድ ጋር ጨርሶ አልተጣላም። እሱና ባልደረቦቹ በሮኬት የሚወነጨፍ መረብ ተጠቅመው የዝይ መንጋ ላይ ይጥሉ ጀመር። መንጋውን ማድባቱ ያው ነው፤ ተኩሱም ያው ነው። ልዩነቱ ከተኩሱ በኋላ ዝይዎቹ እግራቸው ላይ ቀለበት ታስሮላቸው ተመልሰው መብረራቸው ነው። የት እንደሚሄዱ፣ ስንት ዓመት እንደሚኖሩ የታወቀው በዚህ መንገድ ነው።

የሃዋይ ዝይ ታሪክ ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ላይ ‹‹ኔኔ›› የሚባለው ይህ ዝይ በዱር የቀረው 30 ያህል ብቻ ነበር። ስኮት እ.ኤ.አ. በ1950 ጥቂቶቹን ወደ ስሊምብሪጅ አስመጥቶ አራባቸው። እ.ኤ.አ. በ1962 ከዚያ የተፈለፈሉት ዝይዎች ወደ ሃዋይዋ ማዊ ደሴት ተመልሰው ተለቀቁ። እ.ኤ.አ. በ1961 ከመሠረቱት አንዱ የሆነበት የዓለም የዱር እንስሳት ፈንድ አርማ ላይ ያለችውን ፓንዳ የነደፈውም እሱ ነው። ‹‹ሰር›› የሚለውን ማዕረግ እ.ኤ.አ. በ1973 አግኝቶ እ.ኤ.አ. በ1989 አረፈ።

ዳክዬ ፓስፖርት የለውም

ነገሩ ከእኛም ደጅ የራቀ አይደለም። ምንቃሩ እንደ ማንኪያ የሰፋው ሾቭለርና ጭራው የሾለው ፒንቴይል ሰሜኑ ሲበርድ ከአውሮፓና ከእስያ ተነስተው እስከ ዝዋይና ጣና ሐይቆች ድረስ ይመጣሉ። ከመስቀል በኋላ ባሉት ወራት ሐይቅ ዳር የወጣ ሰው የሚያያቸው እንግዶች እነዚህ ናቸው። መንገዳቸው ላይ ያሉ አገሮች እ.ኤ.አ. በ1995 የአፍሪካና የዩሬዥያ የውሃ ወፎች ስምምነትን አዘጋጅተዋል፤ ኢትዮጵያም አባል ናት። አንዱ አገር ብቻውን ቢጠብቃቸው፣ ሌላው ብቻውን ቢጨርሳቸው ዋጋ እንደሌለው የቼሳፒክ ታሪክ አስተምሯል።

ፐንት ገን ዛሬም ድምፁ የሚሰማበት ቦታ አለ። በእንግሊዝ ሊንከንሻየር ካውቢት በተባለ መንደር፣ እ.ኤ.አ. ከ1897ቱ የንግሥት ቪክቶሪያ 60ኛ ዓመት በዓል ጀምሮ በየዘውድ መጫኑና በየኢዮቤልዩው በፐንት ገን የክብር ተኩስ ይተኮሳል። ለንግሥት ኤልሳቤጥ 60ኛ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ2012፣ 21 ፐንት ገኖች መጀመሪያ በየተራ፣ ቀጥሎ ሁሉም በአንድ ላይ ተተኮሱ። ጭሱ ሰማዩን ሞላው፤ የወደቀ ዳክዬ ግን አልነበረም።

ክለብ ምንም ያህል ጠንካራ ቢሆን የሚጫወተው ተጋጣሚ ሲኖረው ነው። ሁሉንም ተጋጣሚ ከሊጉ ያጠፋ ቡድን ዋንጫውን ይዞ ባዶ ሜዳ ላይ ይቀራል። ባለ ፐንት ገኖቹ ወደዚያ እየሄዱ ነበር። ያስቆማቸው በአሜሪካ ሕጉ፣ በእንግሊዝ ልኩ፣ በፒተር ስኮት ዘንድ ደግሞ ጭቃ ላይ የቀረው ዝይ ነው። ኔኔ ዛሬ በሃዋይ ሰማይ ላይ ይበርራል።